የሁለት ጆሮ ፊደል

ፑኽራጅ፣ ጫማህን አጥልቅ፤ በነጠላ ጫማ አይገባም፤
ድንጉላ የረገጠውን እግር «የማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም።
ገመዱንም ፍታው፣ አትጠምጥመው በመዳፍህ፤
እንደ ደብዳቤ እጠፈው፣ ሲስብህ እንዲወጣ ከጣትህ።

ከፊቱ አትቁም፤ ፊቱ የጥርስና የኮቴ ደጅ ነው።
ከኋላው አትለፍ፤ የኋላው ነገር የታወቀ ነው።
በግራ ትከሻው ተጠጋ፣ ሙቀቱ ልብስህን እስኪያልፍ፤
ርግጫ ጉልበት የሚያገኘው ሁለት ክንድ ርቆ ሲታለፍ።

አሁን ጆሮውን እይልኝ።
የማርዋር ፈረስ ጆሮ ከሌላው ዘር አይመስልም፤
ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማል እንጂ ለየብቻ አይቆምም፣
እንደ ሁለት ማጭድ፣ ከአጨዳ በኋላ
ግድግዳ አጥተው እንደተደገፉ አንዱ በሌላ።

ጫፎቹ ከገጠሙ፣ ሐሳቡ ከፊቱ ነው፤
አንዱ ወደ አንተ ከዞረ፣ እየሰማህ ነው፣ አናግረው።
ሁለቱም ወደ ጋማው ከተጋደሙ ግን ምላስህን ሰብስብ፤
አትሩጥ፣ አትጩህ፣ ቀስ ብለህ ራቅ፣ ገመዱን ሳትስብ።

ጆሮ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ አፍንጫውን ጠይቅ፣
ጭራውን ጠይቅ፤ የዓይኑ ነጭ ሲወጣ ከምን እንደሚሸሽ እወቅ።
አንገቱን ቀስት አርጎ ሲያሽካካ፣ ያ ለባዝራዋ ነው፣ ለኬሳር፣
ነፋሱ ሽታዋን አምጥቶለት ከግንቡ ባሻገር።
ያኔ አልተቆጣህም፤ ረስቶሃል።
የረሳህ ድንጉላ፣ ልጄ፣ ከተቆጣህ ይብሳል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚሉ አሉ፤
በቅሎ ሲጭኑ ያረጁ ናቸው፣ ድንጉላ ከየት ያውቃሉ?

ካቻምና በቲልዋራ፣ ሉኒ ወንዝ በደረቀበት፣
ጨው ባነጣው አሸዋ ላይ ገበያው በተተከለበት፣
አንድ ነጋዴ መጣ፣ ባለ ሮዝ ጥምጥም፣ ስልኩን ደግኖ፤
«እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» አለ፣ ከኋላ ቆሞ፣ በባዳል ተማምኖ።
ባዳል አልተነቃነቀም። ዝንብ እንኳ አላባረረም።
ጭራው ከዳሌው ተጣብቋል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ አይርገበገብም።
«ጨዋነት አይደለም፣ ትንፋሽ መያዝ ነው» አልኩ፤
ራሱን ወደ እኛ አዞርኩ፣ ዳሌውን ወደ ወንዙ ሰደድኩ።
ርግጫው መጣ። ራስ አላገኘም፤ ጥምጥም አገኘ፤
ስምንት ክንድ ሮዝ ጨርቅ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ተገኘ።
ሰውየው ፈረሱን ረገመ፣ አባቱን፣ የአባቱን አባት፤
ፈረሱ ግን ነግሮት ነበር፣ በጭራ፣ በከንፈር፣ በዝምታ ብዛት።

እነዚህ ሁለት ጣቶቼስ? አትጠይቀኝ አልልህም።
ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ገመድ እጠመጥማለሁ፣ ማንም አይነግረኝም።
ባዝራ በመንገድ አለፈች። እኔ የባለቤቷን ልጅ አያለሁ፣
ቀይ ሻሽ፣ የብር አልቦ፤ የፈረሱን ጆሮ ረስቻለሁ።
ገመድ ሲጠብቅ ድምፅ የለውም።
ዓመት ሙሉ «ከዳኝ» እያልኩ አወራሁ። ውሸት ነው። ድንጉላ አይከዳም፤
ቀድሞ ይናገራል፤ ሰሚ ካጣ ግን ሁለተኛ አይናገርም።
ልጅቱማ ያችውልህ፣ ማታ ማታ እራት የምታቀርብልህ፤
ስምንት ጣት እንዳገባች፣ ከጠየቅሃት፣ ሳትስቅ ትነግርሃለች ቆጥራልህ።

ትናንት ከኒሙ ዛፍ ሥር አየሁህ፣
ሁለት ጠቋሚ ጣትህን ከራስህ በላይ አቁመህ፣
ጫፋቸውን አጋጥመህ፣ ደግሞ ለያይተህ፣ ደግሞ አጋድመህ፣
«ይሄስ ምን ይላል፣ አጎቴ?» ስትለኝ እየሳቅህ።
ልመልስልህ እጆቼን ወደ ግንባሬ አነሳሁ፤ ረስቼው እኮ፣ በዚህ ዕድሜዬ!
ግራው ጆሮ ብቻ ቆመ፣
የሚገጥመው አጥቶ ዘመመ።
ባዳል ከጋጣው አንገቱን አውጥቶ አየን፤ ምን እንዳነበበ እንጃ።

በል ሂድ፣ ውሃ ስጠው።
ከግራ ግባ። ሳትደርስ ስሙን ጥራው።